አለርጂ ነው ወይስ ጉንፋን? የአፍንጫ አለርጂን ለይቶ ማከም እንዴት ይቻላል

አፍንጫቸው ለወራት የታፈነባቸው ሰዎች ከአንገት በላይ ክሊኒክ ሲመጡ ብዙ ጊዜ የበሽታቸውን ስም ራሳቸው ይዘው ነው። «ሳይነስ አለብኝ» ይላሉ። ቦርሳቸው ሲከፈት የተጀመረ አንቲባዮቲክ፣ የጉንፋን ኪኒንና የተጋመሰ የአፍንጫ ጠብታ ይወጣል። ከእነሱ ብዙዎቹ ያለባቸው ግን አለርጂ ነው። ለአለርጂ ደግሞ አንቲባዮቲክ ምንም አይፈይድም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ትክክለኛው መድኃኒት እጃቸው ገብቶ የነበረ መሆኑ ነው። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ስፕሬይ ታዞላቸዋል። እንዴት እንደሚረጭ ግን ማንም አላሳያቸውም። በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው ይተዉታል። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ስለ ስፕሬዩ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ታሪኩን ይያዙ

አለርጂን ከጉንፋን የሚለየው ትልቁ ምልክት ማሳከክ ነው። አፍንጫ፣ ዓይን፣ ላንቃ፣ አንዳንዴም ጆሮ ውስጥ ይበላል። ማስነጠሱ ተከታታይ ነው። ንፍጡ እንደ ውሃ የቀጠነ ነው። ትኩሳት የለም። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል፤ አለርጂ ግን ቀስቃሹ እስካለ ይቆያል። ልጆች ላይ ደግሞ ሳይጠየቁ የሚታይ ነገር አለ። አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ከታች ወደ ላይ ደጋግመው ይገፋሉ። ይህ ሲቆይ አፍንጫቸው ላይ አግድም መስመር ያወጣል።

ለሁለት ሳምንት ያህል ማስታወሻ ይያዙ። መቼ ጀመረዎት? የት ነበሩ? ምን እየሠሩ ነበር? ጠዋት ከአልጋው ሳይነሳ የሚያስነጥስ ሰው ፍራሽና ትራስ ውስጥ የሚኖሩትን፣ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ይጠርጥር። በየዓመቱ አንድ ወቅት ላይ ብቻ የሚብስበት ሰው ቀስቃሹ የአበባ ወይም የሣር ብናኝ ሳይሆን አይቀርም። ድመት ያለበት ቤት በገባ ቁጥር ዓይኑ የሚቀላ ሰው ደግሞ መልሱን አግኝቷል። ይህ ማስታወሻ ከብዙ የላብራቶሪ ወረቀት ይበልጣል ባይ ነኝ።

ቀኑንም ይቁጠሩ። ምልክቱ በሳምንት 4 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ያውም ከ4 ተከታታይ ሳምንት በላይ ከቆየ ዘላቂ ይባላል። እንቅልፍ የሚነሳ ወይም ከሥራና ከትምህርት የሚያስተጓጉል ከሆነ ቀላል አይደለም። አልፎ አልፎ ለሚመጣ ቀላል አለርጂ ኪኒን ሊበቃ ይችላል። ለዘላቂው የሚያስፈልገው ስፕሬይ ነው።

አለርጂ የማይመስሉትን ይለዩ

አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ቀዳዳዎች ይይዛል። ሁልጊዜ አንዱ ወገን ብቻ ከታፈነ፣ ደም የቀላቀለ ንፍጥ ከወጣ፣ ፊት ካበጠ ወይም የማሽተት ችሎታ ከጠፋ፣ ስፕሬይ ገዝቶ ከመሞከር በፊት ሐኪም አፍንጫውን ውስጥ ድረስ ይየው። ትንሽ ልጅ ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ንፍጥ ካወጣ ዶቃ ወይም ባቄላ ከትቶ ሊሆን ይችላል። ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ከአንድ ቀዳዳ ጠብ ጠብ የሚል ንጹህ ውሃ ከታየ ከአንጎል ዙሪያ የሚወጣ ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

የደረት ማፏጨት ወይም ሌሊት የሚብስ ሳል ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። የአፍንጫ አለርጂና አስም ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ።

ምርመራው

ታሪኩ ግልጽ ከሆነና አፍንጫው ውስጥ ያለው ሥጋ አብጦ ገርጥቶ ከታየ፣ ያለ ተጨማሪ ምርመራ ሕክምና መጀመር ይቻላል። ምርመራ የሚያስፈልገው ሕክምናው አልሠራ ሲል ወይም ቀስቃሹን በስም ማወቅ የግድ ሲሆን ነው።

የቆዳ ምርመራ ቀላል ነው። የተለያዩ ቀስቃሾች በጠብታ መልክ ክንድ ላይ ይደረጋሉ። ከዚያ ቆዳው በመርፌ ጫፍ ጫር ይደረጋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ እብጠቱ ይለካል። ቀስቃሽ ከሌለበት ጠብታ ቢያንስ በ3 ሚሊሜትር ከበለጠ ፖዘቲቭ ነው። ሴቲሪዚንና መሰል የአለርጂ ኪኒኖችን የሚወስድ ሰው አንድ ሳምንት ያህል አስቀድሞ ማቆም አለበት። አለበለዚያ ቆዳው ዝም ይልና ውጤቱ ያሳስታል። የስቴሮይድ የአፍንጫ ስፕሬይ ማቆም አያስፈልግም። ኪኒኑን ማቆም የማይችል ሰው በደም ይመረመራል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ፖዘቲቭ መውጣት ብቻውን አለርጂ አለብዎት ማለት አይደለም። ለድመት ፖዘቲቭ ወጥቶ ከድመቱ ጋር በሰላም የሚኖር ሰው ድመቱን ማባረር የለበትም። ውጤቱ ከማስታወሻው ጋር መግጠም አለበት። ለዚህም ነው አርባ ሃምሳ ነገር በአንዴ የሚመረምሩ ፓኬጆችን የማልወደው።

ቤቱን ማስተካከል

አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ይታጠብ። ምንጣፍ ከመኝታ ክፍል ይውጣ። ሻጋታ ካለ እርጥበቱ የሚመጣበት ቦታ ይጠገን። ድመት ከቤት ከወጣ በኋላም ቅሪቱ ለወራት ይቆያል፤ ቶሎ ለውጥ ባያዩ አይገረሙ። የአየር ማጣሪያ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት ግን ፍራሽና ትራሱን ያስተካክሉ።

አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብም ይረዳል። 240 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ አዮዲን የሌለው ጨው ይጨምሩ። ውሃው የግድ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ብርቅ ቢሆንም፣ ባልፈላ የቧንቧ ውሃ አፍንጫቸውን አጥበው አንጎል በሚያጠቃ አሜባ የሞቱ ሰዎች አሉ።

ስፕሬዩን በትክክል መርጨት

ፍሉቲካሶን፣ ሞሜታሶን፣ ቡዴሶናይድ የሚባሉት የስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ስፕሬዮች ለዘላቂ የአፍንጫ አለርጂ ከኪኒን ይበልጣሉ። ስቴሮይድ ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን አንድ ርጭት የሚይዘው በማይክሮግራም የሚቆጠር መጠን ነው፤ ሥራውንም የሚሠራው እዚያው አፍንጫ ውስጥ ነው። ልጆች ላይ ዝቅተኛው መጠን ይሰጥና ቁመታቸው በየጊዜው ይለካል።

ዕቃውን ይነቅንቁት። አዲስ ከሆነ እንደ ጉም የደቀቀ ርጭት እስኪወጣ ድረስ አየር ላይ ይርጩ። አፍንጫዎን ይናፈጡ፤ ካጠቡት ደግሞ የተሻለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጭንቅላትዎን ወደ ኋላ አይጣሉ። ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ያድርጉት። ወደ ኋላ ካጋደሉት መድኃኒቱ በቀጥታ ጉሮሮ ይወርዳል። ከዚያ ለግራ ቀዳዳ ቀኝ እጅዎን፣ ለቀኝ ቀዳዳ ግራ እጅዎን ይጠቀሙ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ወገን ባለ እጅ ሲረጩ ጫፉ ሁለቱን ቀዳዳዎች ወደሚለየው መካከለኛ ግድግዳ ይዞራል። ያ ግድግዳ ስስ ነው፤ በቀላሉ ይደማል። መድኃኒቱ መድረስ ያለበትም እዚያ አይደለም። እጅዎን ሲያቀያይሩ ግን ጫፉ በራሱ ወደ ውጭ ያመለክታል። አነጣጥሮዎ ወደዚያው ወገን ዓይን የውጭ ጥግ ይሁን።

ሲጫኑ አበባ እንደሚያሸት ሰው ቀስ ብለው ይሳቡ። ኃይለኛ አሳሳብ ሁሉንም ወደ ጉሮሮ ይወስደዋል። ጉሮሮዎ ላይ ጣዕሙ ከመጣ አሳሳብዎን ወይም የጭንቅላትዎን አቀማመጥ ያስተካክሉ። ከረጩ በኋላ ለተወሰኑ ደቂቃዎች አይናፈጡ።

አሁን ትዕግሥት ያስፈልጋል። የተወሰነ ለውጥ በሰዓታት ውስጥ ሊሰማ ይችላል፤ ሙሉ ኃይሉ ግን እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። በየቀኑ ይረጫል፤ ሲታፈን ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም። ወቅቱን የሚያውቅ ሰው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢጀምር ጥሩ ነው። አፍንጫዎ ከደማ ለጥቂት ቀን ያሳርፉትና አነጣጥሮዎን ይፈትሹ። ከአንድ ወር በኋላ በትክክል እየረጩ ካልተሻልዎት አዜላስቲን የሚባል ሌላ ስፕሬይ እንዲጨመርልዎት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ኪኒንና ጠብታ

ሴቲሪዚን፣ ሎራታዲንና ፌክሶፌናዲን ማሳከኩንና ማስነጠሱን ያስታግሳሉ። መታፈኑ ላይ ግን ደካማ ናቸው። ክሎርፌኒራሚንን የመሰሉት የድሮ ኪኒኖች እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ለሚነዳና ለሚማር ሰው አልመክርም።

አፍንጫን በደቂቃ የሚከፍቱት እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያሉ ጠብታዎች ከ5 ቀን በላይ መወሰድ የለባቸውም። ከዚያ በኋላ አፍንጫው ያለ ጠብታው አልከፈት ይላል። ጠብታውን ሳይዝ ከቤት የማይወጣ ታካሚ አስታውሳለሁ። የሚያፍነው አለርጂው መሆኑ ቀርቶ ጠብታው ራሱ ሆኖ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ጠብታውን እያቆመ በስቴሮይድ ስፕሬይ ይታገዛል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፤ ያልፋል።

ጆሮና ጉሮሮ

ጆሮን ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኝ ጠባብ ቱቦ አለ። አፍንጫ ሲያብጥ እሱም ይዘጋል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ጧ ይላል። ልጅዎ ቴሌቪዥን ድምፅ የሚጨምር ወይም ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነ አመል ነው ብለው አይለፉት፤ መስማቱ ይለካ። ወደ ኋላ የሚወርደው ንፍጥ ደግሞ ጉሮሮን እህህ ያሰኛል። ለዚህ የጉሮሮ ከረሜላ ከመደርደር አፍንጫውን ማከም ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ የአለርጂ ክትባት አለ። በምርመራ የተረጋገጠው ቀስቃሽ በትንሽ በትንሹ በመርፌ ወይም ከምላስ ሥር በሚቀመጥ ኪኒን ይሰጣል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል፤ ካቆሙት በኋላም ጥቅሙ ሊቆይ ይችላል። ያልተረጋጋ አስም ያለበት ሰው አይጀምረውም። መርፌው ኃይለኛ የአለርጂ ምላሽ ሊያስነሳ ስለሚችል ድንገተኛ ሕክምና መስጠት በሚችል ቦታ ብቻ ይወጋል። ከተወጉ በኋላ 30 ደቂቃ እዚያው ይቆዩ።