ላይብረሪያን መሆን ከፈለጋችሁ ከመጽሐፍ ጋሪው ጀምሩ

አዲስ አገር ገብታችሁ፣ ወረቀታችሁ ተስተካክሎ፣ "አሁን ምን ልሥራ?" የምትሉበት ሰዓት ላይ ከሆናችሁ አንድ ቦታ ልጠቁማችሁ። ምናልባት ቅጽ ፕሪንት ለማድረግ ወይም ቋንቋ ለመለማመድ ገብታችሁበት ይሆናል። የሕዝብ ላይብረሪ። ብዙዎቻችን ተጠቅመን እንወጣለን እንጂ እዚያ እንቀጠራለን ብለን አናስብም። እኔ ግን ሙያዬን ያገኘሁት እዚያ ነው።

እውነቱን መጀመሪያ ልንገራችሁ። በአሜሪካና በካናዳ "ላይብረሪያን" የሚባለው መደብ አብዛኛውን ጊዜ የማስተርስ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ያውም የአሜሪካ ላይብረሪ ማኅበር እውቅና ከሰጠው ፕሮግራም። በእንግሊዝ ሲሊፕ የተባለው የሙያ ማኅበር የሥራ ልምዳችሁን በማስረጃ አደራጅታችሁ ስታቀርቡ ገምግሞ የሙያ እውቅና ይሰጣል። ስለዚህ ልምድ ብቻውን በየአገሩ ማዕረግ አያሰጥም። ያም ሆኖ ዲግሪ የማይጠይቁ መደቦች አሉ፦ መጽሐፍ ወደ ቦታው የሚመልስ፣ የሚያውስና የሚረከብ፣ ረዳት ሠራተኛ። ማስተርሱን ሥራ ላይ ሆናችሁ በኦንላይን መማር ትችላላችሁ። የእኔ ምክር፣ ለትምህርቱ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሥራውን ቅመሱት ነው።

በበጎ ፈቃደኝነት መጀመርም ይቻላል። ብቻ ቪዛችሁ ወይም የጥገኝነት ጉዳያችሁ ያለ ክፍያ መሥራትንም ሊገድብ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠበቃችሁን አማክሩ።

የመጀመሪያ ሥራዬ በጋሪ ላይ የተጫኑ መጻሕፍትን ወደ መደርደሪያቸው መመለስ ነበር። ቀላል ይመስላል። መጽሐፉ ጀርባ ላይ ቁጥር አለ፤ ሜልቪል ዱዪ የተባለ አሜሪካዊ ላይብረሪያን እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው የመጻሕፍት አመዳደብ ነው። እውቀትን ሁሉ በ10 ዋና ክፍል ይከፍልና ከነጥቡ በኋላ እየዘረዘረ ይሄዳል። እኔ 616.12ን ከ616.8 በኋላ ደረደርኩት። ዐሥራ ሁለት ከስምንት ይበልጣል ብዬ! ከነጥቡ በኋላ ያለው ግን አንድ በአንድ ነው የሚነበበው። አንድ ከስምንት ያንሳል፤ ስለዚህ 616.12 ይቀድማል። አንዱ ስለ ልብ ሕመም፣ ሌላው ስለ ነርቭ ነው። ኮምፒውተሩ "መጽሐፉ አለ" ይላል፤ የልብ ሕመምተኛው መጥቶ ይፈልጋል፤ ያጣዋል። ያለቦታው የገባ መጽሐፍ ከጠፋ አይለይም። ይህን አለቃዬ መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብላ አሳየችኝ። ክፍል ውስጥ ቢነግሩኝ ኖሮ በማግስቱ እረሳው ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቁጥሮቹን እንደ ሰፈር ታውቋቸዋላችሁ። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው፣ የአማርኛ ቋንቋ 492.87።

ጠያቂ ወደሚስተናገድበት ጠረጴዛ ስትሸጋገሩ ሌላ ትምህርት ይጀምራል። አንድ ሰው መጥቶ "የሕግ መጻሕፍት የት ናቸው?" ይላችኋል። እጃችሁን ዘርግታችሁ "እዚያ ጋ" ብትሉት አልረዳችሁትም። "በሕግ ውስጥ የትኛው ጉዳይ ላይ ነው?" ስትሉት አከራዩ ማስያዣውን አልመልስም እንዳለው ይነግራችኋል። አሁን ፍለጋው ጠበበ። "ለምን ፈለጉት?" ግን አይባልም፤ ምክንያቱ የራሱ ነው። ሕጉን የሚያብራራ መጽሐፍና ነጻ የሕግ አገልግሎት የሚገኝበትን ታሳዩታላችሁ፤ "ክሰሰው" ወይም "ተወው" አትሉትም። ይሄ ለእኛ ይከብዳል። ሰው ሲቸገር መምከር ለምዶብናል።

ከዚህ የሚበልጠው ሚስጥር መጠበቅ ነው። የምታውቋት እህት ስለ ፍቺ የተጻፈ መጽሐፍ ልትዋስ ትችላለች። እናንተ አይታችሁ እንዳላያችሁ ናችሁ፤ ቤት ውስጥም አይወራም። አበሻ እርስ በርስ በሚተዋወቅበት ከተማ አንዲት ቃል ካመለጠቻችሁ ሰው ዳግም ወደ እናንተ ጠረጴዛ አይመጣም።

አማርኛችሁን ደግሞ አትናቁት። የአማርኛ መጽሐፍ ሲመጣ ርዕሱን የሚያነብ ሠራተኛ ላይኖር ይችላል፤ እንዲያ ሲሆን መጽሐፉ ካርቶን ውስጥ ተራ ይጠብቃል። የስም ጉዳይም አለ። አልማዝ በቀለ የምትባል ደራሲ ብትኖር፣ በካታሎግ፣ ማለት በላይብረሪው የመጻሕፍት መዝገብ፣ ደንብ የምትገባው በራሷ ስም፣ በአልማዝ ነው። በቀለ አባቷ እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው በአባቷ ስም ይመዘግባትና ፈልጎ የሚያገኛት ይጠፋል። እናንተ ግን ገና ስታዩት ይገባችኋል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ይህንን ሳታፍሩ ተናገሩ። እንግሊዝኛዬ ይያዛል ብላችሁም አትቅሩ። ቋንቋው የሚያስቸግረው ሰው መጥቶ ቀስ ብሎ ሲናገር፣ በትዕግሥት የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።

አንድ ደብተር ያዙ። የዛሬው ጥያቄ ምን ነበር፣ ምን ፈለጋችሁ፣ የት አገኛችሁት፣ ምኑ ጋ ተሳሳታችሁ፣ በየቀኑ ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ። የጠያቂው ስም ግን አይጻፍ። እድገት ስትጠይቁ ወይም ለማስተርስ ስታመለክቱ "ምን ሠርተሃል? ምን ሠርተሻል?" ይባላል፤ ያኔ ደብተሩን ገልጣችሁ ማመልከቻውን ትጽፋላችሁ።