ሁለቱ ወረት

ወረት የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። አንዱ ሥራ የምንጀምርበት ገንዘብ ነው። ሌላው አዲስ ነገር ስንጀምር ሞቅ የሚያደርገን፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጥሎን የሚሄድ ፍቅር ነው። የጀርባ ቦርሳ እየሰፋሁ መሸጥ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱም ወረቶች በአንድ ወር ውስጥ አለቁብኝ። ያኔ ሥራውን እንዳልተወው ያደረገኝ ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የተለየ ጠንካራ ልብ ኖሮኝ አይደለም። ጽናት ማለት ጥርስን ነክሶ መቆየት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን እንደ ስፌት የሚማሩት ነገር እንደሆነ አምናለሁ። ሥራ ጀምራችሁ መሃል ላይ ከደከማችሁ እኔን የጠቀመኝን ልንገራችሁ።

የተበላሸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት

የመጀመሪያው ትልቅ ትዕዛዜ 60 የጀርባ ቦርሳ ነበር። በቀኑ አስረከብኩ። በሦስተኛው ሳምንት 14ቱ ተመለሱ። ሁሉም የተቀደዱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የትከሻው ማንገቻ ከቦርሳው ጋር የሚገናኝበት ላይ። መጀመሪያ ክሩን ረገምኩ። ቀጥሎ ተጠቃሚዎቹን፣ ከአቅሙ በላይ ጭነውት ነው ብዬ። በመጨረሻ አንድ ውሳኔ ላይ ደረስኩ። ከእንግዲህ ስፌቱን ጥቅጥቅ አድርጌ፣ አጥብቄ እሰፋለሁ አልኩ።

ሙያውን ላስተማሩኝ አንጋፋ ሰፊ ቦርሳዎቹን ወስጄ አሳየኋቸው። ብዙ ዝም አሉ። አንዱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ ክሩ እኮ አልተበጠሰም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ክሩ እንዳለ ነው። የተቀደደው ጨርቁ ነው፤ የመርፌው ቀዳዳ በሄደበት መስመር፣ ከደብተር ላይ ተገንጥሎ እንዲወጣ እንደተበሳ ወረቀት። በወፍራም መርፌ በጣም የተቀራረበ ስፌት ስሰፋ ጨርቁን ወንፊት አድርጌዋለሁ።

«ጋሼ፣ እኔማ አጥብቄ ልሰፋው አስቤ ነበር» አልኳቸው።

«ብታጠብቀው ይብስበታል።»

መፍትሔው እኔ ካሰብኩት ተቃራኒው ነበር። ስፌቱን ማራራቅ፣ ቀጠን ያለ መርፌ መጠቀም፣ ከጀርባው ጠንካራ ጥብጣብ መደረብ። ማንገቻውንም በአንድ መስመር ብቻ ከመያዝ በአራት ማዕዘን ሰፍቶ መሃሉን በኤክስ ማሰር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቦታ የተቀደደ ቦርሳ አልተመለሰልኝም።

ይህን ያስረዘምኩት በምክንያት ነው። ያን ሳምንት «አይዞህ፣ በርታ» የሚለኝ ሰው ብቻ ቢያጋጥመኝ ኖሮ በርትቼ ሌላ 60 ቦርሳ አበላሽ ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር ሲበላሽባችሁ ከመበርታታችሁ በፊት የተበላሸውን በእጃችሁ ያዙት። ደንበኛ ከሄደ ለምን እንደሄደ ጠይቁት። ዕቃ ከተመለሰ ገልብጣችሁ እዩት። ማንን ልውቀስ የሚለው ጥያቄ ለነገ ይቆይ። ከእናንተ የተሻለ ዓይን ያለው ሰው ካለ ደግሞ ሳታፍሩ አሳዩት። እኔ በሀፍረት ሁለት ቀን አባክኛለሁ።

ደብተር

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ደብተር ያዝኩ። እስካሁን የምጽፍበት መንገድ አልተቀየረም። ምን ቀየርኩ? ምን ጠበቅሁ? ምን ሆነ? ሦስት ጥያቄ ነው። ትልቁ ቁም ነገር «ምን ጠበቅሁ» የሚለውን ውጤቱን ከማየት በፊት መጻፍ ነው። ከውጤቱ በኋላ ከጻፍነው ሁላችንም «ይህ እንደሚሆን አውቅ ነበር» እንላለን። እንደዚያ ደግሞ ምንም አንማርም።

ሁለተኛው ሕግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰን ከረጢት የሌለውን ቫኪዩም ክሊነር፣ ማለትም አቧራ ስቦ የሚያጸዳ ማሽን፣ ለመሥራት 5,127 ናሙና ሠርቷል። ሰው ይህን ቁጥር የሚያነሳው ትዕግሥቱን ለማድነቅ ነው። እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። ከናሙና ወደ ናሙና አንዲት ነገር ብቻ እየቀየረ ነበር የሚሞክረው። እንደዚያ ሲሆን እያንዳንዱ ያልሠራ ናሙና የሆነ ነገር ይነግራል። ዋጋውንም፣ ቀለሙንም፣ የምንሸጥበትንም ቦታ በአንድ ሳምንት ብንቀያይር ግን ሽያጩ ቢጨምርም ቢቀንስም ምክንያቱን አናውቀውም።

ደብሊው ዲ 40 የሚባለውን ዝገት መከላከያ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1953 የተቀመመ ነው። 40 የሚለው ቁጥር ቅመሙ የተሳካው በ40ኛው ሙከራ ስለነበር ነው። ስሙ በቀጥታ ከቤተ ሙከራው ደብተር የተወሰደ ነው። ሙከራውን እየቆጠሩ የሚጽፉ ሰዎች ባይሆኑ ኖሮ 40ኛው መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?

ሒሳቡ

ሒሳብ አልወድም የሚል ሰው ሥራ መጀመር ይችላል፤ መቆየት ግን ይከብደዋል። በጣም የከበደ ሒሳብ አይደለም። አንድ ዕቃ ስትሠሩ የሚወጣውን ሁሉ ጻፉ። ጨርቅ፣ ዚፕ፣ ክር፣ የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ ትራንስፖርት፣ የተበላሸው ቁራጭ። የራሳችሁን የሥራ ሰዓትም ጨምሩ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ይህን የመጨረሻውን አልጨመርኩም ነበር። አተረፍኩ የምለው የራሴን ጉልበት እየበላሁ ነበር።

ቅናሽ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። አንድ ዕቃ 100 ይሸጣል እንበል፤ ወጪው 80 ነው። ትርፉ 20 ነው። ደንበኛው «10 ብቻ ቀንስልኝ» ሲል ጥቂት ይመስላል። የቀነሳችሁት ግን ከዋጋው አንድ አሥረኛ፣ ከትርፋችሁ ደግሞ ግማሹን ነው። ያንኑ ትርፍ ለማግኘት አሁን እጥፍ መሸጥ አለባችሁ። እጥፍ መስፋት፣ እጥፍ ማድረስ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ዋጋ ቀንስ ስባል ከዕቃው ላይ የሆነ ነገር እቀንሳለሁ። «የውስጥ ኪሱ ይቅርና በዚያ ዋጋ ልስጥዎት» እላለሁ። ወይም ሙሉውን ክፍያ አስቀድመው እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ኪሱን ይመርጣሉ፤ በሙሉ ዋጋው ይገዛሉ።

ቀጥሎ ዱቤ። በሁለተኛው ዓመት ትዕዛዝ ሞልቶልኝ ሳለ ዚፕ መግዣ አጣሁ። ሦስት ደንበኞች በዱቤ ወስደው «በሚቀጥለው ሳምንት» እያሉ ሁለት ወር አቆዩኝ። በደብተሬ አትራፊ ነኝ፤ በኪሴ ግን ምንም የለም። ጥሩ ሥራ ይዘው የሚዘጉ ብዙዎች የሚዘጉት እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ቀብድ ሳልቀበል ጨርቅ አልቆርጥም። ቀሪው የሚከፈልበትን ቀንም በጽሑፍ እንስማማለን። ይህን ስል የሸሹኝ ደንበኞች ነበሩ። አልጸጸትም።

አንድ ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ በቃላችሁ ያዙ። በእጃችሁ ያለውን ጥሬ ገንዘብ፣ ሸጣችሁም አልሸጣችሁ በየወሩ ለሚወጣው ወጪ አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር የምትቆዩበት ወር ነው። ጽናታችሁ በወር ሲቆጠር ይህ ነው። ዳይሰን እነዚያን ናሙናዎች በሚሠራባቸው ዓመታት ባለቤቱ ሥዕል እያስተማረች ቤቱን ትደግፍ ነበር። የማንም ጽናት በባዶ ሆድ ብዙ አይሄድም። የእናንተን የሚደግፈው ምንድን ነው? የቀን ሥራ ነው? የትዳር ጓደኛ ናት? ቁጠባ ነው? ይህን ሳትመልሱ ደመወዛችሁን አትልቀቁ። የቤትና የሥራ ገንዘብም በአንድ ኪስ አይቀመጥ።

መሸጥ

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። ስፌት እወዳለሁ። ስልክ አንስቶ የማላውቀውን ሰው «ቦርሳ እሠራለሁ» ማለት ግን ሆዴን ይበላኝ ነበር። የረዳኝ ቁጥር ነው። በሳምንት 10 ሰው። ይግዙ አይግዙ የእነሱ ጉዳይ ነው፤ መደወሉ የእኔ። መጀመሪያ እህቴን ደንበኛ አድርጌ ተለማመድኩ። እሷም አላዘነችልኝም። «ዋጋው ስንት ነው?» ስትለኝ ድምፄ እንደሚቀንስ የነገረችኝ እሷ ናት። ዋጋዬን ሳልንተባተብ እስክናገር ድረስ ደጋግመን ሠራነው።

አብዛኛው መልስ «እናስብበታለን» ነው። ይህ እንቢታ አይደለም፤ እሺታም አይደለም። ስለዚህ ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት «መቼ ልደውል?» በሉ። የተባለውን ቀን ጻፉ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ደውሉ። አንድ የግዢ ኃላፊ አራት ጊዜ አይሆንም ብላኛለች፤ በትሕትና፣ ግን ቁርጥ አድርጋ። በአምስተኛው ስደውል ዕቃ የሚያቀርብላት ሰው ሳያደርስ ቀርቶባት ተጨንቃለች። «በስንት ቀን ታደርስልኛለህ?» አለችኝ። በአምስተኛው ጊዜ የተለየ አንደበት አላወጣሁም። የዚያን ቀን ስልኳ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ያ ነው። ቶሎ ማድረስ ባልችል ኖሮ ግን መደወሌም ዋጋ አልነበረውም።

የምትሸጡት ነገር አዲስ ከሆነ ደግሞ ከማስረዳት ይልቅ አስይዟቸው። ፖስት ኢት የሚባሉት ተለጣፊ ወረቀቶች እ.ኤ.አ. በ1977 በአራት ከተሞች ለሙከራ ገበያ ወጥተው ሰው አልገዛቸውም። ምን እንደሚያደርግባቸው አልገባውም። በማግስቱ ዓመት ኩባንያው ቦይዚ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ናሙናውን በነፃ አደለ። ከሞከሩት 10 ሰዎች 9ኙ ያህል እንገዛለን አሉ። ዕቃው ያው ነው። የተለወጠው አቀራረቡ ነው። እኔም ዛሬ ትልቅ ትዕዛዝ ስፈልግ አንድ ቦርሳ ለሁለት ሳምንት አውሳለሁ። «ያለዎትን ሁሉ ይጫኑበት» እላለሁ።

ክፉ ቀን

ከአልጋ የማያስነሳ ጠዋት አለ። ለእንደዚያ ያለው ቀን አስቀድሜ ትንሽ ሥራ ወስኛለሁ። ሁለት ስልክ፣ አንድ ገጽ ደብተር። ከዚያ በኋላ ማረፍ ይፈቀዳል። ሙያን በተመለከተም ሁሉን በአንዴ አልማርም። ለሦስት ወር አንድ ነገር ብቻ እይዛለሁ። አንድ ጊዜ ዚፕ አገጣጠም ነበር፤ በየማታው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ አንድ ዚፕ እየገጠምኩ፣ እየፈታሁ፣ እንደገና እየገጠምኩ። ሌላ ጊዜ ዋጋ መደራደር ነበር።

የመጨረሻው የማቆሚያው ጉዳይ ነው። አዲስ ነገር ስትጀምሩ የምትቆሙበትን መስመር በመጀመሪያው ቀን፣ ሞቅታው እያለ፣ ጻፉት። ስንት ወር? ስንት ሽያጭ? መሃል ላይ የሚወስን ሰው ወይ በድካም ቶሎ ይተዋል፣ ወይ በእልህ ያለውን ሁሉ ይጨርሳል። እኔ ከአራት ዓመት በፊት የኪስ ቦርሳ ጀምሬ ነበር። በስድስት ወር 200 ካልሸጥኩ አቆማለሁ ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ነገር እየቀየርኩ ሞከርኩ፤ መጀመሪያ መጠኑን፣ ከዚያ ቆዳውን፣ ከዚያ የምሸጥበትን ቦታ። በስድስተኛው ወር መጨረሻ 41 ነበር የሸጥኩት። በጣም እወደው የነበረ ሥራ ነው። ደብተሩ ላይ ቁጥሩንና ቀኑን ጻፍኩ፣ ማሽኑን ለጀርባ ቦርሳ መለስኩት፣ የተረፈውን ቆዳ ሸጥኩ። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ስልክ ደወልኩ።