የውጭ አገር እንግዳ ደሴ ቤታችሁ ሲያድር፦ የአንድ ቀን ጉብኝት ወደ ሐይቅ

እንግዳ የተቀበለ የደሴ ቤተሰብ በአንድ ቀን አይጠየፍ አዳራሽንም፣ ሐይቅንም፣ ባቲንም፣ ከተቻለ ላሊበላንም ላሳይ ይላል። ላሊበላ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ አይሆንም። ባቲ ዝነኛ የሆነው በሰኞ የግመል ገበያው ነው፤ በሌላ ቀን ሄዳችሁ ግመል አትፈልጉ። ለአንድ ቀን አንድ ቦታ ይበቃል፣ እሱም በሐይቁ ላይ ያለው ገዳም ሐይቅ እስጢፋኖስ ቢሆን ይሻላል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ አያደክምም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አዲስ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱን ሊያመው፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ሐይቁ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል እዚያ ይቀለዋል።

ሥራው የሚያልቀው ዋዜማውን ነው። መጀመሪያ ሰዓቱ። «ሁለት ሰዓት እንነሳለን» ስትሉት የእሱ ስልክ በዚያን ጊዜ 8:00 ነው የሚለው። ስድስት ሰዓት ይለያያል፣ በዚህም ስንቱ ቀጠሮ ተበላሽቷል። በቃል አትተዉት፤ «ጠዋት 2፣ በስልክህ 8» ብላችሁ በወረቀት ጻፉለት።

ሁለተኛው እንግዳዋ ሴት ከሆነች ነው። ገዳሙ የወንዶች ነው፣ ሴት አይገባም። ይህን በር ላይ ደርሳ ከሰማችው ቀኑ ይበላሻል። ማታውኑ ንገሯትና ከቤቱ ሴቶች አንዷ ዳር ላይ አብራት እንድትቆይ፣ ወይም ጀልባ እንድትሳፈር አድርጉ። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን ጠይቁ፤ ከሌለ ይቅር። ነፋስ ከሰዓት በኋላ ስለሚነሳ ጀልባው ከምሳ በፊት ይሁን። ዳር ዳሩን በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባት ለቢልሃርዚያ (ውኃ ውስጥ ካለ ጥገኛ ትል ለሚመጣ በሽታ) ያጋልጣል፣ እንግዳ ደግሞ ይህን አያውቅም።

መኪና ስትይዙ ኮንትራቱን በግልጽ ተነጋገሩ፦ መሄጃው፣ የቆይታው ሰዓት፣ መመለሻው፣ የሹፌሩ ምሳ በማን እንደሆነ። ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁልጊዜ ከቆይታው ነው። በሕዝብ ማመላለሻ ከሆነ ከመናኸሪያ ሐይቅ ከተማ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወደ ውኃው በባጃጅ። የፓስፖርቱን ቅጂ ይያዝ፣ ኬላ ላይ ሊጠየቅ ይችላል፤ ኬላና ወታደር ፎቶ እንዳያነሳም አስጠንቅቁት። የመንገዱን ሁኔታ ጠዋት ከሹፌሮች ጠይቁ፤ የትናንት ወሬ ለዛሬ አይሠራም። ባለ 10ና ባለ 50 ብር ዝርዝር አትርሱ።

ቁርስ ላይ በርቱ ግን አታብዙ። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ሲባል እንግዳው እንቢ ማለት ነውር ይመስለዋል፤ ጉርሻውንም ይውጣል፣ ከዚያ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ያስመልሰዋል። እጁን ከማዕዱ ካላነሳ ወጥ እንደሚጨመርበት ቀድማችሁ ንገሩት፤ ይህን አንድ ነገር ያወቀ እንግዳ ሳምንቱን ሙሉ በሰላም ይከርማል። በርበሬውን ቀንሱ፣ ጥሬ ሰላጣና ቤት የተጠመቀ ጠላ ለመጨረሻው ቀን ይቆይ። የታሸገ ውኃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ያዙ፤ ኮፍያም፣ ደጋ ላይ ፀሐዩ ሳይታወቅ ያቃጥላል።

ገዳሙ ውስጥ ጫማ ይወልቃል፣ ቁምጣ አይሆንም። ለእንግዳው ታሪኩን በአጭሩ ንገሩት፦ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርት ያስፋፉበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል ዘመናቸው ከታወቁት የግዕዝ መጻሕፍት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ፎቶ ለማንሳት መነኮሳቱን አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ምሳ ላይ ወሎ ብቻ የሚገባው ጣጣ አለ። እስላምና ክርስቲያን አብረው ሲወጡ ሥጋው በማን ታረደ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ዓሣ ይህ ጥያቄ የለበትም፣ እዚያው ዳር ጠብሰው ያቀርባሉ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ግን ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ማንም ማንንም ሳይገስጽ ሽሮም ይታዘዝ። ዓርብ ላይ ጁምዓ የሚሰግድ ካለ ደግሞ መውጫውን ወይ በጣም ማለዳ ወይ ከስግደት በኋላ አድርጉት።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቤት ግቡ። ጉልበት የቀረው ካለ አይጠየፍን ወይም የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤተ መንግሥት የነበረውን ሙዚየም ማየት ይቻላል፤ ሙዚየሙ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፎ ስለነበር ክፍት መሆኑን ልጅ ልካችሁ አስጠይቁ።

ቡናው ከ11 ሰዓት ባይዘገይ ጥሩ ነው። አቦል ጠንካራ ስለሆነ ላልለመደ ሰው ግማሽ ስኒ ይበቃል፤ ቶናና በረካ ለስላሳ ናቸው። ሦስቱንም መጠጣት ግዴታ አለመሆኑን ንገሩት፣ ለአያትም «አንቱ» ማለትን አስተምሩት፣ ደስ ይላታል። ደሴ ማታ ስለሚበርድ ሰው ከሰሉን ይዞ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ ይህ አደገኛ ነው። በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ራስ ያሳምማል፣ ይገድላልም፣ ሕመሙን ደግሞ ከፍታው ያመጣው ይመስላል። ምድጃውን ወደ ውጭ አውጡ፣ ለእንግዳው በምትኩ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጨምሩለት።