ሊኑክሶቹ ዶሜይኑ ውስጥ አልገባም ሲሉኝ እንዴት እንደፈታሁት

ቢሮው ውስጥ ዊንዶውስም፣ ማክም፣ ሊኑክስም ተደባልቆ አለ። በየማሽኑ ለብቻው አካውንት መክፈት ስለሰለቸኝ ሁሉንም በአንድ ዳይሬክተሪ (የተጠቃሚዎችና የማሽኖች ማዕከላዊ መዝገብ) ልሰብስብ አልኩ። ኤልዳፕ (LDAP፣ ዳይሬክተሪ መጠየቂያ ፕሮቶኮል) ብቻውን ለዊንዶውሶቹ ግሩፕ ፖሊሲ (ቅንብራቸውን ከአንድ ቦታ መቆጣጠሪያ) ስለማይሰጥ ሳምባ የሚባለውን ሶፍትዌር መረጥኩ፤ በ2012 ከወጣው 4ኛው ስሪት ጀምሮ የአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የማይክሮሶፍት ዳይሬክተሪ) ዶሜይን ኮንትሮለር፣ ማለትም ዶሜይኑ (በአንድ ላይ የሚተዳደሩት ማሽኖችና ተጠቃሚዎች) ውስጥ ማን እንደሚገባ የሚያረጋግጥ ሰርቨር፣ ሆኖ ይሠራል፣ ለሦስቱም ይሆናል።

ዊንዶውሶቹ ላይ ዲኤንኤሱን (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን አገልግሎት) በእጄ ስላስገባሁ ወዲያው ገቡ። ሊኑክሶቹ ግን እምቢ አሉ።

መጀመሪያ ዶሜይኑን ጭራሽ አያገኙትም ነበር። ለካ ዲኤንኤሳቸው ራውተሩን ነው የሚጠይቀው፣ ራውተሩ ደግሞ ስለ ዶሜይናችን የሚያውቀው ነገር የለም። ወደ ኮንትሮለሩ አዞርኩት፣ አገኙት፣ ፓስወርድ ሳስገባ ግን አሁንም አይቀበልም። ፓስወርዱ ትክክል ነው! ፋየርዎሉንና ኮንፊጉን ስነካካ ዋልኩ። ማታ ላይ ሎጉን ረጋ ብዬ ሳነብ የሰዓት ልዩነቱ በዝቷል የሚል አንድ መስመር አየሁ። ዶሜይኑ ማንነት የሚያረጋግጥበት ፕሮቶኮል፣ ከርቤሮስ፣ ካልቀየሩት በቀር ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይቀበልም፣ የኔዎቹ 7 ደቂቃ ወደኋላ ቀርተዋል።

ክሮኒ የሚባለውን ሰዓት ማስተካከያ ፕሮግራም ጭኜ ሰዓቱን ከኮንትሮለሩ እንዲወስዱ አደረግኩ። እንደገና ስሞክር ያለምንም ጥያቄ ገቡ። ማኮቹ ዲኤንኤሱን ማስተካከል ብቻ በቃቸው።