ለካህኑም ለዘማሪውም በአግባቡ መክፈል፦ አሜሪካ ላሉ የአጥቢያ ቦርዶች

«በነፃ የተሰጠን ጸጋ እንዴት ደመወዝ ይጠየቅበታል?» የሚለው ክርክር በየጠቅላላ ጉባኤው ይነሣል። የማያልቀውም ሁለት ነገር ስለሚደባለቅበት ነው። ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ንስሐ አይሸጡም፤ ጴጥሮስ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ የሞከረውን ሲሞንን የገሠጸው ለዚህ ነው (የሐዋ. 8)። የካህኑ የቤት ኪራይ፣ የልጆቹ ቀለብና የጤና መድኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወንጌልን የሚሰብኩ በወንጌል እንዲኖሩ ጌታ እንደደነገገ ጳውሎስ ጽፎልናል (1ኛ ቆሮ. 9፥14)። በነህምያ ዘመን ደግሞ ሌዋውያኑና መዘምራኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው አገልግሎቱን ትተው ወደየእርሻቸው ሄደው ነበር (ነህ. 13፥10-11)። ነህምያ የወቀሰው ሹማምንቱን እንጂ መዘምራኑን አይደለም።

ሌሊቱን ማኅሌት ቆሞ እሑድ ጠዋት የቀደሰ ካህን ሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት ታክሲ ላይ ወይም ፓርኪንግ ውስጥ መገኘቱ በኛ አጥቢያዎች የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው፦ አቅም በፈቀደ መጠን ይከፈል፤ የሚከፈለውም በጽሑፍ፣ በቼክ፣ በቦርድ ውሳኔ ይሁን። በፖስታ የሚሰጥ ካሽ ለካህኑ የዋህ ደግነት ይመስላል፤ ሲያረጅ ግን የሶሻል ሴኪዩሪቲ (የመንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና) ጡረታ የለውም፤ ቤት ልግዛ ሲል ለባንክ የሚያሳየው ገቢ የለውም።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሆነ ለዩ

የአሜሪካ የግብር ሕግ ካህንን፣ ተቀጣሪ ሙዚቀኛንና እንግዳ ዘማሪን ለየብቻ ነው የሚያየው። ብዙው ስሕተት የሚፈጠረው ሁሉንም በአንድ ዓይነት ቼክ ከመክፈል ነው። የተሾመና ቅዳሴ የሚቀድስ፣ የሚያጠምቅ፣ የሚያጋባ ካህን፣ እንዲሁም የተሾመ የወንጌላውያን ፓስተር፣ «ሚኒስተር» (የሃይማኖት አገልጋይ) ተብሎ ይያዛል። በየሳምንቱ የሚመጣ የኪቦርድ ተጫዋች ወይም ኳየር አሠልጣኝ ብዙውን ጊዜ ተራ ተቀጣሪ ነው። ዲያቆንና መሪጌታ መካከል ላይ ስለሆኑ፣ ሹመታቸውንና የሥራ ዝርዝራቸውን ይዛችሁ የአብያተ ክርስቲያናትን ሥራ የሚያውቅ አካውንታንት አማክሩ።

ካህኑ

ካህን ለገቢ ግብር ተቀጣሪ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ደብሊው-2 (የዓመቱ የደመወዝና የግብር መግለጫ) ይሰጠዋል። ለሶሻል ሴኪዩሪቲና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) መዋጮ ግን ራሱን እንደቀጠረ ይቆጠራል። ስለዚህ አጥቢያው ለተራ ተቀጣሪ እንደሚያደርገው የመዋጮውን 7.65 ከመቶ ከደመወዙ አይቀንስም፣ ሌላውን 7.65 ከመቶም ከራሱ አይጨምርለትም፤ ካህኑ 15.3 ከመቶውን ሙሉውን ራሱ ይከፍላል። ቦርዱ ይህን ሳያውቅ «4,000 ዶላር በወር እንከፍልሃለን» ብሎ ቢቀጥረው፣ ሚያዝያ ላይ ካህኑን ያልጠበቀው ዕዳ ያገኘዋል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ወይ በፈቃዱ ከደመወዙ የገቢ ግብር እንዲቀነስለት ደብሊው-4 (የግብር ቅነሳ መጠየቂያ ቅጽ) ሞልቶ መስማማት (የሚቀነሰው መጠን ያንን 15.3 ከመቶም እንዲሸፍን ከፍ ማድረግ ይቻላል)፣ ወይ በዓመት አራት ጊዜ፣ በኤፕሪል 15፣ በጁን 15፣ በሴፕቴምበር 15 እና በጃንዋሪ 15፣ ራሱ ቅድመ ክፍያ መላክ።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመውና ብዙ አጥቢያ የሚያባክነው የመኖሪያ ቤት አበል ነው። ቦርዱ ከካህኑ ክፍያ ላይ የተወሰነውን ለቤት ብሎ አስቀድሞ ከወሰነ፣ ያ ገንዘብ የገቢ ግብር አይከፈልበትም። «አስቀድሞ» የሚለው ቃል ሕጉ የቆመበት ነው፤ ማርች ላይ የተወሰነ አበል ለጃንዋሪና ለፌብሩዋሪ አይሠራም። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ ቢቻል በዲሴምበር፦

«ለቀሲስ … በሚመጣው ዓመት ከሚከፈለው 48,000 ዶላር ውስጥ 24,000 ዶላሩ የመኖሪያ ቤት አበል እንዲሆን ተወስኗል። ቦርዱ እስኪለውጠው ድረስ ለቀጣዮቹ ዓመታትም ይጸናል።»

በዚህ ምሳሌ ካህኑ የገቢ ግብር የሚታሰብበት 24,000 ብቻ ነው። የሶሻል ሴኪዩሪቲና የሜዲኬሩ ግን አበሉንም ጨምሮ ነው፤ መዋጮው የሚታሰበው ከገቢው 92.35 ከመቶ ላይ ስለሆነ፣ 48,000 በ0.9235 ሲባዛ 44,328፤ የዚያ 15.3 ከመቶ 6,782 ዶላር ገደማ። ይህን ቁጥር ለካህኑ ከመቅጠራችሁ በፊት አሳዩት። አንዳንድ አጥቢያ ግማሹን የሚሸፍን ጭማሪ ይሰጣል፤ ተገቢ ነው፣ ጭማሪው ራሱ ግን ግብር የሚከፈልበት ደመወዝ ነው።

አበሉ ወሰን አለው። ከግብር ነፃ የሚሆነው ከሦስቱ ትንሹ ነው፦ ቦርዱ የወሰነው፣ ካህኑ በእርግጥ ለቤት ያወጣው (ኪራይ ወይም ሞርጌጅ፣ መብራት፣ ውሃ፣ የቤት ዕቃ፣ ጥገና)፣ ወይም ቤቱ ከነዕቃውና ከነመብራቱ ቢከራይ የሚያወጣው ዋጋ። 24,000 ተወስኖለት 21,000 ብቻ ካወጣ፣ የቀረችው 3,000 በግብር ማስታወቂያው ላይ እንደ ገቢ ትጨመራለች። ደረሰኝ ማስቀመጥ የካህኑ ሥራ ነው፤ አስቀድሞ መወሰን የቦርዱ።

ለክርስትና፣ ለሠርግ፣ ለተዝካር ምእመናን በእጁ የሚሰጡት ገንዘብም ገቢው ነው፤ እሱ ራሱ ያስታውቃል። ቦርዱ ለፋሲካ ወይም ለገና ብሎ ከምእመናን ሰብስቦ በቼክ የሚሰጠው «የፍቅር ስጦታ» ደግሞ ከደመወዙ ጋር በደብሊው-2 ይገባል። ስሙ ስጦታ መሆኑ አይለውጠውም።

የመኪና ኪሎ ሜትር፣ የመጻሕፍትና የጉዞ ወጪን በደመወዝ ውስጥ አትደብቁት። በጽሑፍ የተቀመጠ የወጪ መመለሻ ደንብ ይኑራችሁ፦ ካህኑ በ60 ቀን ውስጥ ደረሰኝና ምክንያቱን ያቅርብ፣ የተረፈውን በ120 ቀን ይመልስ። እንዲህ ከሆነ የተመለሰለት ገንዘብ ገቢ አይባልም።

ፎርም 4361 የሚባለውን ሞልቶ ከሶሻል ሴኪዩሪቲ መውጣት ይቻላል ብሎ የሚመክር ሰው አይጠፋም። ፎርሙ የሚፈቀደው እንዲህ ያለውን የመንግሥት መድን በእምነት ምክንያት ለሚቃወም ብቻ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ መፈረም ሐሰተኛ ቃል መስጠት ነው፤ በእርጅናም ጡረታና ሜዲኬር ያሳጣል።

ዘማሪውና ሙዚቀኛው

በየእሑዱ በተወሰነ ሰዓት የሚመጣ፣ ሐሙስ ልምምድ ያለበት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ኪቦርድ የሚጫወት፣ ምን እንደሚጫወት የሚነገረው ሰው ተቀጣሪ ነው። «ራሱን የቻለ ኮንትራክተር» ብላችሁ ብትጽፉለትም ወረቀቱ እውነታውን አያሸንፍም። በወር 300 ዶላር የሚከፈለው ከሆነ ከእሱ 22.95 ይቀነሳል፣ አጥቢያው 22.95 ይጨምራል፤ በየሩብ ዓመቱ በፎርም 941 (የቀጣሪ የግብር ማስታወቂያ) ይታወቃል፣ እስከ ጃንዋሪ 31 ደብሊው-2 ይሰጠዋል። የመኖሪያ ቤት አበል አይመለከተውም።

ገንዘብ ያዦች ይህን በጥንቃቄ ያንብቡ። ከሠራተኛ የተቀነሰ ግብር ለመንግሥት ሳይላክ ቢቀር፣ ክፍያውን የሚወስነውና ቼክ የሚፈርመው ሰው በግሉ ሊጠየቅበት ይችላል። የኤሌክትሪክ ሒሳብ ቢዘገይ ስልክ ይደወልላችኋል፤ ይህ ግን የገንዘብ ያዡን የግል ባንክ ድረስ ሊደርስ የሚችል ነው። ለዚህ ነው ለትንሽ አጥቢያ እንኳ በወር ጥቂት ዶላር የሚያስከፍል የደመወዝ አገልግሎት ድርጅት የምንመክረው።

ከሌላ ከተማ ለአንድ ጉባኤ ተጠርቶ የመጣ፣ የራሱን ሙዚቃ ይዞ ለብዙ አጥቢያ የሚያገለግል ዘማሪ ግን ኮንትራክተር ሊሆን ይችላል። ቼኩን ከመስጠታችሁ በፊት ደብሊው-9 (ስሙንና የግብር ቁጥሩን የሚገልጽበት ቅጽ) አስሞሉት፤ ከሄደ በኋላ ማግኘት ከባድ ነው። በ2025 ለተከፈለው በዓመት 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ 1099-ኤንኢሲ (ለኮንትራክተር የተከፈለውን የሚገልጽ ቅጽ) ይላካል፤ ከ2026 ጀምሮ ለሚከፈለው ወሰኑ 2,000 ዶላር ሆኗል። ከኢትዮጵያ በጎብኚ ቪዛ የመጣን ዘማሪ ግን «ክፍያህ ይህን ያህል ነው» ብሎ መዋዋል ቪዛውን አደጋ ላይ ይጥላል። ፖስተር ከማተማችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ።

ከአገር ቤት ካህን ለማምጣት

አር-1 የተባለው የሃይማኖት ሠራተኞች ጊዜያዊ ቪዛ ሲጠየቅ አጥቢያው ካህኑን እንዴት እንደሚያስተዳድር በሰነድ ማሳየት አለበት፦ የባንክ መግለጫ፣ በጀት፣ የደመወዝና የቤት ውሳኔ። ሥራው በሳምንት በአማካይ ቢያንስ 20 ሰዓት መሆን አለበት፤ ካህኑም ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት የዚያው ቤተ እምነት አባል የነበረ ይሁን። መጀመሪያ እስከ 30 ወር ይፈቀዳል፣ በድምሩ እስከ አምስት ዓመት። በማመልከቻው ላይ 36,000 ዶላር ተብሎ ደብሊው-2ቱ ላይ 9,000 ከታየ ማራዘሚያውም ግሪን ካርዱም ይሰናከላል። የማትችሉትን አትጻፉ። ቤትና ምግብ ብቻ የምትሰጡ ከሆነ እሱኑ በዝርዝር ጻፉ።

እስካሁን በፖስታ ሲከፍል ለነበረ አጥቢያ

ከዛሬ ጀምሮ ካሹን አቁሙ። በባንክ መዝገብና በቃለ ጉባኤ ማን ስንት እንደተከፈለ በየሩብ ዓመቱ ዘርዝሩ። ለካህኑ የሚሰጠው አበል ወደ ኋላ ሊወሰን ስለማይችል ዛሬውኑ ስብሰባ ጠርታችሁ ለቀሪዎቹ ወራት ወስኑ፤ ካህኑ በራሱ ክፍያ ላይ ድምፅ አይስጥ፣ ውሳኔው ሲሰጥም ከስብሰባው ይውጣ። ያልተላኩትን የሙዚቀኞች ፎርም 941ዎች ደግሞ ደብዳቤ እስኪመጣ ሳትጠብቁ ከአካውንታንት ጋር አስገቡ፤ ቅጣትና ወለዱ በየወሩ ይጨምራል።