መጠለያ ሲቆጣጠሩ ከመዝገቡ በፊት የተኛውን ሰው ይቁጠሩ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ የጎዳና ተዳዳሪዎችን መጠለያ በሥራ ሰዓት የጎበኘ ተቆጣጣሪ የሚያየው የተጠረገ ግቢና የተሞላ መዝገብ ነው። ሳያስታውቁ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይሂዱ። መጀመሪያ የተኙትን ይቁጠሩ፣ መዝገቡን ከዚያ በኋላ ያስመጡ።

ቀጥሎ ቀለቡን ያመሳክሩ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ከተመደበ ለ60 ሰው 9 ኩንታል ይበቃል። በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) የወጣው 12 ኩንታል ከሆነ ትርፉ የ20 ሰው ቀለብ ነውና እነዚያ 20 ሰዎች የት እንደሚያድሩ ይጠይቁ። በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገብቶ ገና ያልወጣው መጋዘን ውስጥ መገኘት አለበት። ኬሻ መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ከኋላ ካለው ረድፍ ሁለት ሦስቱን አውጥተው ያስመዝኑ፣ የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ለበዓል ሰው የሚያመጣው ሰንጋና ዱቄትም ሞዴል 19 ይቆረጥለት።

ክፍሉን በሜትር ይለኩ። በሰብዓዊ እርዳታ መለኪያ ዝቅተኛው ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር ወለልና በቀን 15 ሊትር ውሃ፣ ለ20 ሰው 1 መጸዳጃ ነው። ስለዚህ 5 በ8 ሜትር የሆነ ክፍል ከ11 ሰው በላይ አይይዝም። በማርቆስ ብርድ መስኮቱ በጨርቅ ይወተፋል፣ የከሰል ማንደጃም ይገባል። የፋመ ከሰል ጭስ ባይታይበትም ይገድላልና ማንደጃው ያኔውኑ ይውጣ። ብርድ ልብስ ሳይጨምሩ መከልከል ግን ማንደጃውን ማስደበቅ ነው።

በተጨናነቀ መጠለያ በጣም ከሚያሰጉት አንዱ ግርሻ፣ እየተመላለሰ የሚያገረሸው የትኩሳት በሽታ ነው፤ የሚያስተላልፈው የሰውነት ቅማል ነው። የሹራቡን አንገትና የሱሪውን ወገብ ገልብጠው ስፌቱን በባትሪ ይመልከቱ፤ ቅጫሙ እዚያ ተደርድሮ ያገኙታል። ብዙ ቦታ የሚደረገው ሰውን ላጭቶ ማጠብ ነው። ይህ ቅማል የሚኖረው ልብስ ውስጥ ስለሆነ፣ የታጠበው ሰው ያንኑ ልብስ ሲለብስ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ልብሱ ይቀቀል፤ የማይቀቀለው በፌስታል ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ 2 ሳምንት ይቀመጥ። ትኩሳት ያለበት ያኔውኑ፣ 2 ሳምንት የሳለም ለቲቢ ምርመራ፣ ጤና ጣቢያ ይላክ።

ማን እንደገባም ይመልከቱ። ቤት ማጣት ብቻውን ሰውን በአዋጅ ቁጥር 384/1996 አደገኛ ቦዘኔ አያሰኘውም፤ በአፈሳ የመጣ ሰው ካለ በማን ትእዛዝ እንደመጣ በጽሑፍ ይጠየቅ። ጎጃም ላይ ደግሞ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ ያነገተ የቆሎ ተማሪ ከጎዳና ልጆች ጋር ተቆጥሮ ይገባል። እሱ ጉባኤ ቤትና የኔታ አለው፣ ወደዚያው ይመለስ።

ከመውጣትዎ በፊት የመኝታ ክፍሉን በር ከውስጥ ሆነው ይክፈቱት። ከውጭ የሚቆለፍ ከሆነ ቁልፉ በዚያው ሌሊት ይነሳ።