ለመጠለያ ስትለግሱ

እናቶች ከነልጆቻቸው ለሚያርፉበት መጠለያ ልትለግሱ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ደውሉና ያለቀባቸውን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ልብስ ሳይሆን ሳሙና፣ ሞዴስ፣ አዲስ የውስጥ ሱሪና ትልልቁ ዳይፐር (ቁጥር 4 እና 5) ነው።

ልብስም ከሆነ አጥባችሁ በእድሜ ለዩት፤ ፌስታሉ ላይ «ወንድ፣ ከ4–6 ዓመት» ብላችሁ ጻፉበት። በደንብ ይድረቅ! እርጥበት የቀረው አንድ ሹራብ ማዳበሪያ ውስጥ ታጭቆ ሲሰነብት ይሻግትና አብሮት ያለውን ሁሉ ያበላሻል። ጫማ ጥንድ ጥንዱን በክሩ እሰሩት፤ አንዱ እግር ከጠፋ ሌላውም ይጣላል።

የበሰለ ምግብ በበዓል ይትረፈረፋል፣ ክረምት ላይ ግን ጓዳው ይራቆታል። ሽሮ፣ ምስርና ዘይቱን ለሐምሌና ለነሐሴ ብታደርጉት ይሻላል። የተከፈተ የሕፃን ዱቄት ወተት በፍጹም አትውሰዱ። ልጆቹንም ፎቶ አታንሱ፣ እባካችሁ።